እልፍኝ አስከልካዩ

ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚያናግረን ማን እንደሆነ አብዛኞቻችን ጠይቀን አናውቅም። ቁልፉን እንጫናለን፤ የፋብሪካው ዓርማ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ዊንዶውስ ከች ይላል። እኛም ቤቱ ከጥንት ጀምሮ የእሱ ርስት ይመስለናል። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰው ግን ይህን የዋህነት ያጣል። እሱ ዘንድ ከዓርማው ቀጥሎ አንድ ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ በነጭ ፊደል ስሞች ተደርድረውበታል፤ ከግርጌው ደግሞ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት...

ይህን ገጽ ይዞ የሚቀርበው ቡት ማናጀር ይባላል። ሥራውን ለማስረዳት ከድሮው ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እልፍኝ አስከልካይ ከንጉሡ ደጃፍ ቆሞ ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይጥና የሚለውን የሚያስተናብር ሹም ነበር። የኮምፒውተሩ ግን ከዚያ የከበደ ሥራ አለበት፤ የሚያስገባው ባለጉዳይ ሳይሆን ንጉሡን ራሱን ነው። ዙፋኑ አንድ፣ ዙፋን ፈላጊው ሁለት ሦስት። በየማለዳው «ዛሬ ማን ይንገሥ?» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል፤ ሕዝቡ እንዲመክርበት አስር ሰከንድ ይሰጠዋል፤ መልስ ካጣ ከዝርዝሩ አናት ያለውን ያነግሣል። ንጉሡ ከገባ በኋላ እሱ ራሱ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። ምስጋና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው።

«ለአንድ ቤት ሁለት ንጉሥ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የኛ ቤት ይመስክር። ባለቤቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ እንጀራዋ ያለው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይንቀሳቀስም። ከኛ ጋር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ይማራል፤ መምህሮቹ ሁሉን ነገር በሊኑክስ ሥራ ይሉታል። «ታዲያ ሁለት ላፕቶፕ ግዙ» የሚል መካሪ ካለ፣ በቅርቡ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ ሃርድ ዲስክ እንደ ውርስ መሬት ተከፈለ፤ ገሚሱ ለዊንዶውስ፣ ገሚሱ ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሆነ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን የሚያውቀው ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞ የሄደ ሰው ነው። ሁለት ገጽ ሊያሳትሙ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ የፍላሹ ፋይሎች ሁሉ ጠፍተው በየስማቸው ሾርትከት ተቀምጦ ያገኛሉ። ፋይሎቹ አልሞቱም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ያንኑ ፍላሽ በኡቡንቱ ሲከፍቱት የተደበቁት ሰነዶች ከነቫይረሱ ፋይል በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ አገር ቋንቋውን የሚሰማለት የለም። በዚህ የተነሳ ሊኑክስን «የሕፃናት ጨዋታ» የምትለው ባለቤቴ እንኳ ፍላሽ ስትይዝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እስቲ በልጁ በኩል ክፈትልኝ» ትላለች።

ሊኑክስ ወደ ብዙ ቤት የገባበትን መንገድ ለማያስታውሱ ልንገር። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል የተባለው የደቡብ አፍሪካዊው የማርክ ሻትልዎርዝ ኩባንያ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው ኮምፒውተሮቹ ክርስትና የተነሱት በዚያ ስለሆነ ነው።) ዶላር አይጠይቅም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፤ አድራሻ ብቻ። ዳውንሎድ ማድረግ የሌሊት ሥራ በነበረበት ዘመን ለፖስታ ሣጥን ባለቤቶች ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ እልፍኝ አስከልካያችን እንመለስ። ይህ ሹም የተሰጠው ማደሪያ እንዴት ያለ ጠባብ እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል። የግል ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል ሥርዓት የወጣው በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር ነው። በዚያ ሥርዓት የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ነው። ከዚህ ላይ 64ቱን የመሬት መዝገቡ ይወስዳል፤ መዝገቡም አራት ክፍልፋይ ብቻ ይይዛል። ሁለት ባይት ለማኅተም ትሄዳለች። የቀረው 446 ባይት ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ከነጓዙ እዚያ ውስጥ ይግባ ተባለ። በዛሬው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ 446 ባይት ማለት 148 ፊደል ነው። ለክፍለ ከተማ የሚጻፍ ማመልከቻ በ148 ፊደል «ጉዳዩ» የሚለውን አልፎ ሩቅ አይሄድም። የኛ ሰው «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብሎ ሲጨርስ ቦታው ማለቅ ይጀምራል።

መሐንዲሶቹ ታዲያ ዘዴ አመጡ። በ446ቱ ባይት ውስጥ የሚቀመጠው ሙሉው ሹም ሳይሆን አንድ ጣቱ ብቻ ሆነ፤ ጣቱም የሚሠራው «ቀሪው አካሌ እዚያ ማዶ አለ» ብሎ መጠቆም ነው። ቀሪው አካል ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ይተኛል፤ ይጠራል፤ ይነሳል። ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ወንበር እስክንስብ ባለው ጊዜ ነው።

ከቀደምቶቹ አንዱ ቨርነር አልመስበርገር የተባለ ሰው የጀመረው ሊሎ ነው፤ በሊኑክስ የመጀመሪያ ዓመታት ደጁን የያዘው እሱ ነበር። ሊሎ ሲነሳ የስሙን አራት የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ እየጻፈ ነው፤ ኤል፣ አይ፣ ኤል፣ ኦ። ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዷ ፊደል አንድ እርምጃ መሳካቱን ታበሥራለች። መሃል መንገድ ላይ ከወደቀ የቆመበት ፊደል የሞቱ ምክንያት ነው። «ኤል፣ አይ» ብሎ ከቀረ ሁለተኛው አካሉ ተጭኖለታል፣ ግን መንቀሳቀስ አልቻለም ማለት ነው። ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ የሚሞት ሹም ማን አይቷል? ሆኖም ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ስህተት ነጋሪ ዛሬም ብዙ አላየሁም። ያሁኖቹ ፕሮግራሞች «ውይ! የሆነ ችግር ተፈጥሯል» ብለው የሚያዝን ፊት ይስሉልናል፤ ምኑ እንደሆነ አይነግሩንም።

የሊሎ ድክመት ሌላ ነበር። ሰውን በመልኩ ሳይሆን በተቀመጠበት ወንበር ነው የሚያውቀው። የሊኑክሱ ዋና ፋይል ዲስኩ ላይ የትኛው ሥፍራ እንዳለ በቁጥር ይመዘግባል፤ ፋይሉ ሲታደስ ቦታው ይቀየራል፤ ባለቤቱ ሊሎን ዳግም ካላስመዘገበ በማግስቱ ባዶ ወንበር እየጠቆመ «ንጉሡ እነሆ» ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ተማረረ። የሊሎ ሥራ በ2015 መጨረሻ ላይ በይፋ ቆመ።

የእሱን ቦታ የያዘው ዛሬ ብዙዎቻችን የምናየው ግረብ ነው። ታሪኩ ያስቀኛል። ኤሪክ ቦሌይን በ1995 ግረብን የጻፈው ለሊኑክስ ብሎ አልነበረም፤ የግኑ ፕሮጀክት ኸርድ የሚባል የራሱን ሲስተም ሊያነግሥ ሲዘጋጅ ለእሱ እልፍኝ አስከልካይ እንዲሆን ነው። ኸርድ ከ1990 ጀምሮ በዝግጅት ላይ ነው፤ ዛሬም በዝግጅት ላይ ነው። ንጉሡ ልብሱን ሲያስለካ ደጃፉ ላይ የቆመው ሹም ግን በመላው ዓለም ተቀጠረ፤ ያልተፈጠረለትን ሁሉ እያነገሠ ይኖራል። ግረብ ከሊሎ የሚበልጠው የዲስኩን ማህደር ራሱ ማንበብ መቻሉ ነው፤ ወንበር ሳይሆን ስም ይነግሩታል፣ ፈልጎ ያገኛል። ጠባዩ ግን ጥቂት ያስገርማል። ሃርድ ዲስኮችን ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ በእነሱ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች ሲቆጥር ከአንድ። የድሮው ግረብ ሁለቱንም ከዜሮ ይቆጥር ነበር፤ ሰው ተቸገረ ሲባል ግማሹን አሻሻሉለት። እንዲህ ያለ ግማሽ ማሻሻያ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ነው።

እልፍኝ አስከልካዩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ታዲያ ችግሩ ከማን ነው? ከነገሥታቱ ነው። ባህሪያቸውን እንይ። ሊኑክስ ሲጫን ዲስኩን ዞሮ ያያል፤ ዊንዶውስን ካገኘ ስሙን ከዝርዝሩ ያስገባለታል። ዊንዶውስ ሲጫን ዞሮ አያይም። በድሮው ሥርዓት ያንን 446 ባይት በራሱ ሰው ይተካዋል፤ የነበረውን ሹም «ማን ነህ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ዊንዶውስ የራሱ ቡት ማናጀር የለውም ማለት አይደለም፤ ከ2007ቱ ቪስታ ወዲህ በደንብ የተደራጀ አለው። ነገር ግን ሳይነግሩት የሚያውቀው የገዛ ዘመዶቹን ነው፤ ዊንዶውስ 7ንና ዊንዶውስ 10ን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ኡቡንቱን አጠገቡ ተኝቶ እያየ እንዳላየ ያልፋል። አይ ቢ ኤም በ1992 ከኦኤስ ቱ 2.0 ጋር ቡት ማናጀር ሲያወጣ የተፎካካሪውን ዶስ ስም በዝርዝሩ ላይ ለማስፈር አላፈረም። ጨዋነቱ ግን ገበያ አላመጣለትም።

ይህ የንጉሥ ጠባይ ከሠፈራችን የጥገና ባህል ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አስቡት። በአገራችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አይሰማም? ፎርማት ይደረግ። ቻርጀሩ አላመጣ አለ? ጠጋኙ ልጅ ቻርጀሩን ግራና ቀኝ ካገላበጠ በኋላ «እሱን እንኳ እናየዋለን፣ እስከዚያ ግን ፎርማት ባደርገውስ?» ይላል። ሁለት ሲስተም ያለበት ላፕቶፕ እንዲህ ያለ እጅ ከገባ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ወይ ደግሞ ዊንዶውስ ብቻ ታድሶ ጥቁሩ ገጽ ይሰወራል። በሁለተኛው ጊዜ ሊኑክስ ከነሰነዱ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ ደጅ ከፋች አጥቶ ተዘግቶበታል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ሊኑክስ የነበረበትን ክፍልፋይ «ባዶ ነው» ብለው ሲሰርዙት ጣቱ ብቻ ይቀርና የሚጠቁመው አካል ይጠፋል። ያኔ ስክሪኑ ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል አንድ መስመር ተጽፎ ይቆማል። አያለቅስም፣ አይሳደብም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። የሚያዘው ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚያዘው አያውቅም።

በአዲሶቹ ማሽኖች ነገሩ ተሻሽሏል። በ2005 የተቋቋመው የዩኢኤፍአይ ማኅበር ባስፋፋው ሥርዓት ሁሉም ሲስተም በአንዲት ትንሽ የጋራ ክፍልፋይ ላይ የየራሱ ፎልደር አለው፤ ማዘርቦርዱ ተራቸውን በማስታወሻው ይይዛል። የክፍልፋዩ መዝገብም ከአራት ወደ 128 አደገ። አሁን ዊንዶውስ ሌላውን ቡት ማናጀር ገድሎ አይጥልም፤ ተራውን ብቻ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሰልፍ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ይረዳዋል። ማሽኑ ሲነሳ እንደየፋብሪካው ኤፍ 12ን ወይም ኤፍ 9ን የተጫነ ሰው ማዘርቦርዱን በቀጥታ «ማን ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጋር ደግሞ ሴኪውር ቡት የሚባል ነገር መጣ። ያልተፈረመለት ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል ጥበቃ ነው፤ ዓላማው መልካም ነው፣ ከዊንዶውስ በፊት ሰርገው የሚገቡ ቫይረሶችን ለመመከት። ፋብሪካዎቹ በየማሽኑ የሚያስገቡት የማይክሮሶፍትን ፊርማ ነውና ሊኑክሶች ሺም የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጅተው ለማይክሮሶፍት አስፈረሙ፤ ሺም ግረብን ያስገባል፣ ግረብ ሊኑክስን። በሌላ አነጋገር የእልፍኝ አስከልካዩ መታወቂያ የሚታደሰው ከዙፋን ፈላጊዎቹ በአንዱ ጽሕፈት ቤት ሆነ። በነሐሴ 2024 የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ማይክሮሶፍት ደካማ ናቸው የተባሉ የቆዩ ቡት ማናጀሮችን የሚያግድ አፕዴት ለቀቀ፤ ሁለት ሲስተም ያለባቸውን ማሽኖች አይነካም ተብሎ ነበር፤ የአንዳንዶቹን ማሽን መንታነት ግን ሳያውቀው ቀረ። ጠዋት ሊኑክሳቸውን የጠሩ ሰዎች «አንድ ነገር እጅግ ከባድ በሆነ ሁኔታ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ተቀበላቸውና ማሽኑ ጠፋ። ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል።

አሁን ስለ መልካም ባህሪዎቹ ልናገር፤ ቡት ማናጀር ሲመረጥ ምን ይታይ የሚለውን። ስለ ውበቱ የሚጨነቁ አሉ። ሬፊንድ የተባለው ስሞችን በመደርደር ፈንታ ሥዕል ያሳያል፤ ከአፕል ኮምፒውተሮች ሠፈር የመጣ ስለሆነ አለባበስ ያውቃል። ግረብም ቢሆን የጀርባ ሥዕል ይቀበላል፤ የእህቴ ልጅ ዋልያ ለጥፎበታል፤ ገጹ ለአስር ሰከንድ ብቻ የሚታይ መሆኑ አላሳሰበውም። ግረብ ሲነሳ አጭር ዜማ በጡሩምባ መልክ እንዲያሰማ ማድረግም ይቻላል። ሌሊት ሕፃን የተኛበት ቤት ውስጥ ይህን የሚሞክር ሰው ቡት ማናጀሩን ሳይሆን ትዳሩን ነው የሚያስነሳው።

ፓስወርድም አለ። ልጆች እንዳይነካኩት ግረብን መቆለፍ ይቻላል። በ2015 ታኅሣሥ ግን ሁለት የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኤክቶር ማርኮና ኢስማኤል ሪፖል፣ አንድ ነገር ይፋ አደረጉ፤ የግረብ የተጠቃሚ ስም መጠየቂያ ላይ የመሰረዣዋን ቁልፍ 28 ጊዜ የተጫነ ሰው ያለ ፓስወርድ መግባት ይችላል። መዶሻ የለ፣ ጥበብ የለ፤ ያልተጻፈ ነገር ሃያ ስምንት ጊዜ መሰረዝ። ዘበኛን በትዕግሥት ብዛት ማሸነፍ በየቢሮው የተለመደ ቢሆንም ቁጥሩን በትክክል ያወቀ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወዲያው ተስተካክሏል፤ አሁን ብትሞክሩት ጣታችሁ ብቻ ይደክማል።

እኔ ከሁሉ የምመዝነው ግን ሰዓት ቆጠራውን ነው። አስር ሰከንድ በቂ የሚመስለው ከስክሪን ላይ ዓይኑን ለማያነሳ ሰው ነው። ባለቤቴ ላፕቶፑን ታስነሳና ጀበናውን ልታይ ትሄዳለች። ስትመለስ ኡቡንቱ ነግሦ፣ ዋናውን ገጽ አንጥፎ ይጠብቃታል።

«ደግሞ ይኸው! የኔን ምን አደረጋችሁት?»

«አክስቴ፣ ቀስቷን ወደ ታች ጫን ብለሽ እኮ ዊንዶውስን መምረጥ ነበረብሽ።»

«እኔ መኪና የገዛሁ እንጂ ታክሲ የተሳፈርኩ አልመሰለኝም፤ ለምን በየቀኑ የት ነሽ ይለኛል?»

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ግረብን «መጨረሻ የተመረጠውን አስታውስ» ማለት ይቻላል፤ ትናንት የነገሠ ዛሬም ይነግሣል። ይህ ሰላም ያወርዳል ሲባል ሌላ ፖለቲካ ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ማታ ማታ ኮምፒውተሩን የመጨረሻ ሆነው ለመጠቀም ይሽቀዳደሙ ጀመር። መብራትም የራሱ ድምፅ አለው። ኡቡንቱ በመነሳት ላይ ሳለ መብራት ከሄደና ባትሪው የደከመ ከሆነ ግረብ ያልተሳካ መነሳት እንደነበረ መዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ቆጠራውን ወደ 30 ሰከንድ ያሳድገዋል። ሠላሳ ሰከንድ ጀበና ለማየት ይበቃል፤ መብራት ኃይል ሳያስበው በዚህ ረገድ ለቤታችን ውለታ ውሏል።

በነገሥታቱ መካከል ያለው ክርክር በእልፍኙ ደጃፍ አያበቃም፤ ሰዓት ላይም ይጣላሉ። የኛ አገር ሰው ይህን ጠብ በተለየ ጥልቀት ያየዋል። ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ባትሪ የምትሠራ ሰዓት አለች። ዊንዶውስ እሷን ሲያነብ «የአገሬው ሰዓት ነው» ይላል። ሊኑክስ ደግሞ «የግሪንዊች ሰዓት ነው፣ የአገሬውን እኔ አሰላዋለሁ» ይላል። አክራ ያለ ጋናዊ ሰዓቱ ከግሪንዊች ጋር አንድ ስለሆነ ይህን ጠብ ሳይሰማ ይሞታል። እኛ ግን ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ኢንተርኔት በጠፋበት ጠዋት እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሊኑክስ ሰዓቷን በግሪንዊች ሞልቷት ካደረ ዊንዶውስ 6፡00 ብሎ ያሳያል፣ ይኸውም በኛ አቆጣጠር ገና አስራ ሁለት ሰዓት። ዊንዶውስ በአገሬው ሞልቷት ካደረ ደግሞ ሊኑክስ ሦስት ጨምሮበት 12፡00 ብሎ ያሳያል፣ ይኸውም በኛ ስድስት ሰዓት። ልብ በሉ፤ አስራ ሁለት ሰዓት የሆነው 6 ይላል፣ ስድስት ሰዓት የሆነው 12 ይላል፣ ትክክለኛው ሦስት ሰዓት ደግሞ 9 ማለት ነበረበት። ባለቤቴ «ገና ጎህ ሳይቀድ ሥራ ጀመርኩ» ስትል ልጁ ምሳ ይጠይቃል። ከፈረንጅ ሰዓት ጋር የነበረን የስድስት ሰዓት ልዩነት አንሶን፣ ሌላ ሦስት ተጨመረልን። ሊኑክስን በአንድ ትእዛዝ «አንተም በአገሬው አንብብ» ማለት ይቻላል፤ እስኪባል ድረስ ግን በቤታችን የሚታመነው የመስጊዱ አዛን ነበር።

ሌላው ጠብ የሚመጣው ዊንዶውስ ሄድኩ ብሎ ባለመሄዱ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል ልማድ አለው፤ ዝጋ ሲሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ልቡን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል፤ በማግስቱ ቶሎ ለመነሳት። በዚህ መሃል ሊኑክስ ተራው ደርሶ ገብቶ የዊንዶውስን ክፍልፋይ ሊከፍት ሲል ባለቤቱ አሁንም ውስጥ እንዳለ ይረዳል፤ መረጃ እንዳይበላሽም «ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም» ብሎ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይከፍተውም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚቆጣው ሊኑክስ ላይ ነው። ፍርዱ የተጣመመ ነው፤ ሳይሞት ዙፋኑን ያልለቀቀ ንጉሥ ባለበት ቤት፣ አልነካም ያለው ጨዋው ነው። ከዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ገጽ ያንን ልማድ ማጥፋት ይበጃል፤ የምታጡት ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ነው።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ዛሬ ምን ያስፈልጋል?» ይለኛል አንድ ወዳጄ። እውነት አለው። አንዱን ሲስተም በሌላው ሆድ ውስጥ የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ አስተናግዷል። አፕል በ2006 ዊንዶውስን በማክ ላይ የሚያስጭን ቡት ካምፕ አውጥቶ ነበር፤ ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ይዞ በ2020 ሲመጣ በእነዚያ ማሽኖች ላይ ተወው። ሁለቱን በአንዴ ማስኬድ ግን ብዙ ራም ይጠይቃል፤ አራት ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ቤተሰብ ሁለት ነገሥታትን በአንድ ገበታ መቀለብ አይችልም። በተራ ግን ይችላል። ስለዚህ በኔ ሚዛን ጥሩ ቡት ማናጀር ማለት ሦስት ነገር የሚችል ነው፤ ሰው እስኪደርስ የሚጠብቅ፣ የትናንቱን የሚያስታውስ፣ የሌለውን ሰው ስም ከዝርዝር የማያጠፋ። ሥዕሉና ዜማው ትርፍ ነው።

ሁለት ሲስተም ልትጭኑ ያሰባችሁ፣ ሰነዳችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ከዚያ ዊንዶውስን አስቀድሙ፣ ሊኑክስን አስከትሉ፤ ሊኑክስ የሚነሳበትን ፍላሽ ደግሞ ከመሳቢያ አታጥፉ። ላፕቶፓችሁን ለጥገና ስትሰጡም ልጁ «ፎርማት ላድርገው?» ከማለቱ በፊት ቀድማችሁ «ሁለት ሲስተም አለበት» በሉት። ቢቻል በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉበት።